«ባዶ ቦታ» ተብሎ ስለተጻፈው የትርንጎ ጓሮ

ቀን፦ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋርካ ሜዳ ታዳጊ ከተማ ማዘጋጃ ቤት
ለይዞታና ስም ዝውውር ክፍል ኃላፊ
ዋርካ ሜዳ

አመልካች፦ አላምረው ጌታሁን
አድራሻ፦ ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት በስተቀኝ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ በእናት ቦዩ ዳር

ጉዳዩ፦ ልሸጠው ባቀረብኩት ቤት ውስጥ የሚገኘው የአትክልትና የፍራፍሬ ጓሮ «ባዶ ቦታ» ተብሎ የተመዘገበው እንደገና ታይቶ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

እግዚአብሔር ለእርስዎም ለመሥሪያ ቤቱም ሰላምና ጤና ይስጥልኝ እያልኩ አቤቱታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በቅድሚያ ስለ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቆቦ ከሚገኙት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘንድ ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ነገሬን ሰምቶ ግማሽ ገጽ ጻፈልኝና፣ «የቀረው ለቢሮ አይሆንም፤ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩት» አለኝ። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳነበው ሕጉ ሁሉ አለበት፤ ጓሮው ግን የለበትም። ስለዚህ በስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ ራሴ ጻፍኩት። ቃሌ ቢረዝምም፣ ከሥርዓት ቢወጣም፣ ሽምግልናዬን አይተው ይለፉኝ።

1. እኔ አመልካች ከመንገድ ጥገና ሥራ በጡረታ የተገለልኩ፣ ባለቤቴን ወይዘሮ ትርንጎን በሞት ያጣሁ፣ አንዲት ልጅ ያለችኝ ሰው ነኝ። ልጄ ፍሬሰላም ወልድያ ትዳር ይዛ ትኖራለች። የምኖርበት ቤትና ግቢ ቀድሞ የገጠር ይዞታ ነበር። ዋርካ ሜዳ ታዳጊ ከተማ ስትባል ወደ ከተማው ክልል ተጠቃሎ፣ በእኔና በባለቤቴ ስም ደብተር ተሰጥቶበታል። ግብሬን አጓድዬ አላውቅም፤ ከጎረቤትም በወሰን ተካስሼ አላውቅም።

2. ቤቱን ለመሸጥ የተነሣሁት ተቸግሬ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በማመልከቻ ላይ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ሆኖም በሽያጭ ማሳወቂያው ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል ስላለ፣ ሌላ ምክንያት ከየት አመጣለሁ?

ጓሮው በጎርፍ የሚኖር ጓሮ ነው። ደጋው ሲዘንብ ጎርፉ በእናት ቦዩ ወደ እኛ ይወርዳል። ተራው የደረሰ ሰው የቦዩን የአፈር ክትር ከፍቶ ወደ ግቢው ያስገባል፤ ግቢው ሲሞላ ይዘጋና ለታችኛው ጎረቤት ያሳልፋል። ከውኃው ጋር የሚመጣው ደለል ነው ማዳበሪያችን። ጎርፍ ቀጠሮ የለውም፤ «ነገ ተመለስ» ቢሉት አይሰማም። በመጣ ሰዓት ዶማ ይዞ የሚነሣ ጉልበት ይፈልጋል።

አምና ተራዬ ደርሶ ውኃው ሲመጣ ዶማውን አንሥቼ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ያህል እንደ መታሁ ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ። ውኃው በፊቴ አልፎ ሄደ። እኔ ተቀምጬ አየሁት። በዚያው ዓመት ሽንኩርቱ አልወጣም፤ ብርቱካኑም ፍሬውን ገና በእንጭጩ አራገፈው። ከዚያ በኋላ ወደ ጓሮ የሚያወጣውን በር ትቼ በፊት ለፊቱ በር ብቻ ስወጣ ስገባ ከረምኩ። ዛፎቹ ምን ይሉኛል ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ልጄ መጥታ ይህንን አየች። «አባዬ፣ አንድ ቀን ቦዩ ውስጥ ወድቀህ ነው የምናገኝህ» ብላ አለቀሰች። እኔም እሺ አልኳት።

3. ገዢ አልጠፋም። አንዱ ከደላላ ጋር መጥቶ ማንጎዎቹን በዓይኑ እየለካ፣ «ይሄ ሁሉ ሲነሣ ለሦስት ከባድ መኪና ማቆሚያ ይበቃል» አለ። «እንግዲያስ አልሸጥም» አልኩት። ደላላው፣ «ታዲያ ለምን አስወራህ? ሰው ቤቱን ሊሸጥ ነው ወይስ ልጁን ሊድር ነው የገዢ ባሕርይ የሚመርጠው?» ብሎ ተቆጣኝ።

በኋላ የመጣው አቶ ኢብሮ ዒምራን ነው። ኢብሮ ከታች ከቆላው ከብት ሲያረባ የኖረ፣ ድርቁ ከብቱን የጨረሰበት፣ አሁን ከባለቤቱ ከወይዘሮ ሀስና ጋር የሰው መሬት በእኩል እያረሰ የሚኖር ሰው ነው። ቤት መግዣውን የሰጠችው ዕድሜዋን ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እኅቱ ናት። እንደ መጣ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀና ቤቱን ሳያይ በጎን በኩል አልፎ በቀጥታ ወደ ጓሮው ገባ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ጨብጦ አሸው። «አያ አላምረው፣ ይሄ አፈር ስንት ጎርፍ ጠጥቷል?» አለኝ። «እኔ ምኑን አውቄ፤ የምታውቀው እሷ ነበረች» አልኩት። ሀስና ከኋላው ሆና፣ «ሰውዬ፣ ቤቱንስ አታይም እንዴ? እኔ የማድረው ዛፍ ላይ ነው?» ብትለው፣ ቀና ሳይል «ቤቱ አምልጦ የት ይሄዳል?» አላት።

በዚያን ሰዓት ልቤ ተቀበለው።

በእኛ አካባቢ ጓሮ የሚሸጥ ሰው ገዢውን በሽማግሌዎች ፊት ከዛፍ ዛፍ ይዞት ይዞራል። የእያንዳንዱን ጠባይ ይነግረዋል፤ በመጨረሻም ከአንዱ ዛፍ ፍሬ ቆርጠው ሁለቱ አብረው ይበላሉ። ያ ከተደረገ ወዲያ ነገሩ አለቀ ይባላል፤ ወረቀቱ ኋላ የሚመጣ ነው። እኛም በሰኔ ወር የጎርፉን ተራ የሚያስጠብቁት የውኃ አባታችን አቶ ሙሉጌታና ሽማግሌዎች ባሉበት ይህንን አደረግን። ዘይቱኑን ጦጣ እንደሚያውቀው፣ ሎሚዋ ጥላ እንደማትወድ፣ ማንጎው አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት እንደሚያርፍ፣ በዕረፍቱ ዓመትም ሊቆጡት እንደማይገባ ነገርኩት። ስነግረው የትርንጎን ቃል በአፌ እየደገምኩ እንደ ነበር ገባኝ። ከፓፓያው ቆርጠን በላን። ኢብሮ፣ «ወላሂ አያ፣ በእኔ ዕድሜ አንዲት ዛፍ በመጥረቢያ አትወድቅም» አለ። ሽማግሌዎቹም መረቁን።

4. ከዚህ በኋላ በሕጉ መሠረት ስም ይዛወርልን ብለን ለመሥሪያ ቤትዎ አመለከትን። ግቢውን አይቶ የሚመዘግብ ኮሚቴ እንደሚላክ ተነገረን፤ ቀኑ ግን አልተነገረንም።

ነሐሴ 9 ቀን፣ አርብ፣ ጎህ ሲቀድ አቶ ሙሉጌታ ከላይ ሆነው «ውኃ! ውኃ! ያላምረው ተራ!» እያሉ ተጣሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ደጋው ግን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ዶማዬን ፈልጌ ሳላገኝ ኢብሮ በእጁ ይዞት ቦዩ ላይ ደርሶ አየሁት። «ገና ያንተ እኮ አይደለም፣ ወንድሜ። ምን አደከመህ?» አልኩት። «ጎርፉ መቼ ውል ጠየቀኝ?» አለኝ። ክትሩን እሱ ከፈተ፣ እሱ ዘጋ። እኔ ዳር ቆሜ ውኃው ከየት ወዴት መሄድ እንዳለበት በእጄ አመለከትኩ። ፀሐይ ሳትበረታ ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው የአትክልት መደብ ሁሉ፣ ከቤቱ ጀርባም የዛፎቹ ሥር፣ በውኃና በደለል ተሞላ። ያማረ ሙሌት ነበር። ትርንጎ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም።

ኢብሮ ታጥቦ ለጁምዓ ወደ ሮቢት ሄደ። እኔም ፍልሰታ ስለ ነበር ቅዳሴ እስኪደርስ ከነርጥብ ልብሴ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ኮሚቴው የመጣው በዚያ ሰዓት ነው።

ሦስት ነበሩ። መሪው በሩን ከፍቶ ውኃውን ሲያይ ወደ ኋላ ተመለሰ። ለኪዋ ወይዘሪት ቤተልሔም፣ «አባት፣ ቧንቧ ፈንድቶብዎት ነው?» ብለው በሐዘኔታ ጠየቁኝ። «የለም ልጄ፣ ጎርፍ ነው» አልኩ። ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። «እንዲህ ጠርቶ?» አሉ። «ደጋ ዘንቦ ነው» አልኩ። ሦስተኛው ሰው፣ «ታዲያ ደጋው ዘንቦ እዚህ ጃንጥላ ልንዘረጋ ነው?» አለና ተሳሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ እኔም ፈገግ አልኩ። «ግቡና ጓሮውን እዩት» አልኳቸው። ወይዘሪቷ አንድ እግራቸውን አንሥተው ነበር። ያደረጉት ጫማ ስስ፣ የከተማ ጫማ ነው፤ ጭቃው እንደሚውጠው ማንም ያየዋል። መሪው፣ «ተዪው፣ ሌላም ቤት ይጠብቀናል» አላቸው። በአጥሩ ዙሪያ በውጭ በኩል ለክተው፣ በሩ ላይ ቆመው ጽፈው ሄዱ።

5. ነሐሴ 14 ቀን ውጤቱን ለመስማት መጣሁ። የተነበበልኝም እንዲህ ይላል፦ ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው «ውኃ የተኛበት ባዶ ቦታ»፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው ደግሞ «ጥቂት የጥላ ዛፎች ያሉበት ባዶ ቦታ»። በመሆኑም ቤቱና ዙሪያው ብቻ በስም ሊዛወር እንደሚችል፣ የቀረው ትርፍ ይዞታ ተብሎ ወደ ከተማው እንደሚመለስና ከመስከረም በኋላ ተሸንሽኖ ለሌላ እንደሚሰጥ ተነገረኝ። «ጓሮ እኮ ነው» ብል፣ የተቀመጡት ሠራተኛ፣ «አባቴ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው የሚለው። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው። ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ይኸው አቀረብኩ።

6. ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ኮሚቴውን ለመክሰስ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እለምናለሁ። እኔ ራሴ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎርፍን ስጠላ ነው። ከጎብዬ እስከ ቆቦ ባለው አስፋልት ላይ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ድልድይ የሚበላው፣ ቱቦ የሚደፍነው እሱ ነበር። እንደ ተጋባን፣ በመጀመሪያው ክረምት፣ ለአንድ ቀን ፈቃድ አግኝቼ ወደ ቤቴ ብመጣ ግቢው በውኃ ተሞልቶ አገኘሁት። ምንም ሳልጠይቅ ዶማ አንሥቼ አጥሩን ጥሼ ወደ መንገዱ ላፈስሰው ስል፣ ትርንጎ ቀሚሷን ሰብስባ በጭቃው መሐል ከፊቴ ተገተረች። «አንተ ሰውዬ! እዚህ ደግሞ የምታድነው አስፋልት አለ? ለምኜ ያስገባሁትን ልታስወጣብኝ ነው?» አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ ሆኖ ሳቀ። ለብዙ ዓመት በሰፈሩ ስሜ «አቶ ቱቦ» ነበር፤ አንዳንድ ሽማግሌ ዛሬም ይጠራኛል።

ስለዚህ ኮሚቴው ያየውን እኔም አይቼዋለሁ። ልዩነቱ፣ እኔ ስሳሳት ከፊቴ የሚቆም ሰው ነበረኝ። በነሐሴ 9 ቀን ግን ከፊታቸው መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልቆምኩም።

7. ለምን አልቆምኩም ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ እውነት ነው። ጾም ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ኪዳን ላይ ቆሜ ሳስበው ሌላም ነገር ከሥር አገኘሁ። መሪው በሩ ላይ ሆኖ ሲጽፍ በውስጤ አንድ ነገር ቅልል ብሎኝ ነበር። ሽያጩ ይሰናከላል፣ እኔም ከእሷ ዛፎች ጋር እቀራለሁ ብሎ ልቤ ደስ ሳይለው አልቀረም። በእርግጠኝነት አልናገርም፤ የሰውን ልብ የሚያውቀው አንድ እሱ ነው። ያ ደስታ ቢሆን እንኳ መሸት ሲል ሄደ። ኢብሮ ከጁምዓ ተመልሶ፣ «መጡ እንዴ? ገብተው አዩት? ሙሌቱን አዩት?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ አፍሬ ወደ መሬት አየሁ።

ይህንን ያነሣሁት ጥፋቱ የኮሚቴው ብቻ ሆኖ በመዝገብ እንዳይቀር ነው። «ግቡ» ብዬአለሁ፤ ግን ሰው ቤቱ ሲቃጠል እንደሚለው «ግቡ» አላልኩም።

8. ቦታው ባዶ አለመሆኑን በሚመለከት የሚከተለውን አስረዳለሁ።

ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው የአትክልት መደብ ነው። ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ለዚያው ነው፤ ውኃው ሲጠጣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን ይወጣበታል። ነሐሴ ላይ አረንጓዴ ነገር ቢታጣበት፣ የታረሰ ማሳ ዘር ሳይዘራበት ባዶ እንደሚመስለው ማለት ነው። ከቤቱ ጀርባ ያሉት ማንጎዎች ከጣራው በላይ ስለሆኑ ከበሩ ላይ ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ፍሬያቸው ከክረምቱ በፊት ተለቅሞ ስለሚያልቅ የጥላ ዛፍ ቢመስሉ አይፈረድም። ከእነሱ ሥር ያሉት ብርቱካኑ፣ ሎሚዋ፣ ዘይቱኑና ፓፓያው ግን ከበሩ ላይ ጭራሽ አይታዩም። የሚታዩት ለገባ ሰው ነው።

ከዚህም ሌላ፣ መንገዱ ተዘግቶ ገበያ በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ሰፈሩ ከዚህ ግቢ በልቷል። ትርንጎ ፓፓያውን ገና ጥሬ ሳለ እያወረደች እንደ ድንች ትቀቅለው ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ሰሐን ይዞ መጥቶ ተካፍሏል። አንዳንዱ፣ «ትርንጎ፣ ይሄ ድንችሽ ፍሬ አለው እንዴ?» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ «ከበላኸው በኋላ ጠይቀኝ» ትለው ነበር። ዛሬም ቢሆን ከታች ያሉ ጎረቤቶቼ ለዚህ ሊመሰክሩ ዝግጁ ናቸው።

ይህ ሁሉ የእሷ ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም። እኔ አስፋልት ስጠግን እሷ አፈር ስትጠግን ኖረች። በወር አንድ ጊዜ መጥቼ ከጥላው ሥር ተቀምጬ እበላ ነበር፤ እንዴት እንደሚበቅል አልጠየቅኋትም። ዛፎቹን ያወቅኋቸው ከሞተች በኋላ፣ አንድ በአንድ እየተሳሳትኩ ነው። በታመመችበት ሰሞን አልጋዋን ወደ ጓሮው መስኮት አዙሩልኝ ብላ አዞርንላት። የመጨረሻ ጥያቄዋ ስለ እኔ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። እሷ ግን፣ «ሎሚዋ ውኃ አገኘች?» አለችኝ። አገኘች አልኳት። ከዚያም እውነት እንዲሆን ወጥቼ አጠጣኋት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያ ቦታ ነው ባዶ የተባለው።

9. ውሳኔው እንዳለ የሚጸና ከሆነ የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው። አቶ ኢብሮ የሚፈልገው ጓሮውን ነው። የተነበበልኝን ስነግረው፣ «አያ፣ ቤቱን ብቻ ምን ላድርገው? ጣራ እበላለሁ?» አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እስከ መስቀል እንደሚጠብቀኝ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እኅቱ ዕድሜዋን የከፈለችበትን ገንዘብ አፈር በሌለበት ቦታ ላይ ማፍሰስ እንደማይችል ነግሮኛል። እውነት አለው። ሀስና ግን የሰጠኋትን የቃሪያ ዘር እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም፤ በእሷ በኩል ተስፋ አልተቆረጠም ማለት ነው።

የውኃ ተራውም የሚከተለው ጓሮውን ነው እንጂ ቤቱን አይደለም። ጓሮው ከተሸነሸነ ተራው ይቀራል፤ ቦዩም በእኔ ግቢ በኩል ስለሚያልፍ፣ የሚሠራበት ሰው ቢደፍነው ከታች ያሉት ጎረቤቶች ውኃ ያጣሉ። ይህንን አቶ ሙሉጌታ በጽሑፍ አረጋግጠው፣ የታችኞቹ ጎረቤቶች ፈርመውበት ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዣለሁ።

በእኔ በኩል፣ ልጄ ዘንድ መሄዴ አይቀርም። ወልድያ አንድ ክፍል አዘጋጅታልኛለች፤ መስኮቱ ወደ ግንብ ነው። ለዚያ አላማርርም፤ ደክሞኛል፤ ግንብም ማየት ዕረፍት ነው። የማልችለው ግን፣ የምሄድበት መኪና በአስፋልቱ ላይ ሲያልፍ ማንጎዎቹ ተጋድመው ማየት ነው።

10. ስለዚህ ከላይ በተገለጸው ምክንያት መሥሪያ ቤትዎን በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) ኮሚቴው እንደገና ተልኮ፣ በአጥሩ ዙሪያ ሳይሆን በበሩ ገብቶ፣ ከቤቱ ፊትና ጀርባ ያለውን በዓይኑ አይቶ እንዲመዘግብልኝ፤

ለ) በሚታየው እውነት መሠረት ቤቱ ከነጓሮው ሳይነጠል ለአቶ ኢብሮ ዒምራን በስም እንዲዛወርልኝ፤

ሐ) ይህ በሕጉ ምክንያት ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ፣ ቦታው ለከተማው ይመለስ፤ አልከራከርም፤ ለክርክር የሚሆን ጉልበትም የለኝም። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ «ባዶ» የሚለው ቃል ተሰርዞ፣ «ወይዘሮ ትርንጎ ያለሙት የፍራፍሬና የአትክልት ጓሮ የነበረ» ተብሎ እንዲጻፍልኝ ነው። ቦታው ከእጄ ይሂድ፤ ባዶ ነበር ተብሎ ግን አይሂድ። ይህ ምንም ካሬ አይጨምርልኝም፤ ለማንም ወጪ የለውም።

የኮሚቴው መምጫ ቀን ሊነገረኝ ቢችል መልካም ነው፤ ባይቻልም ከቤቴ አልርቅም፤ ብርቅም ቤተ ክርስቲያን ድረስ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። ክረምቱ ገና ስላልወጣ፣ ኮሚቴው በሚመጣበት ቀን ጎርፍ ሊያጋጥም ይችላል። ይህ እንቅፋት እንዳይሆን ከበሩ ገባ እንዳሉ በስተቀኝ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሦስት ጥንድ ቦቲ አጥቤ ደርድሬአለሁ። ትልቁ የእኔ ነው፤ ከመንገድ ሥራ የቀረልኝ። ሁለተኛውን ኢብሮ ከሮቢት ገበያ ገዝቶ አምጥቶ፣ «እኔማ ጫማዬን አውልቄም እገባለሁ፤ ይሄ ለመንግሥት ነው» ብሏል። ሦስተኛው የትርንጎ ነው። ካረፈች ወዲህ ማንም አድርጎት አያውቅም። ወይዘሪት ቤተልሔም ካልተጸየፉት፣ ልካቸው ይመስለኛል።

ሰላምታዬን ከአክብሮት ጋር አቀርባለሁ፤ በሩ አይቆለፍም።

(ፊርማ)
አላምረው ጌታሁን

አባሪ፦ የውኃ አባትና የታችኞቹ ጎረቤቶች የምስክርነት ጽሑፍ፣ የይዞታ ደብተር ቅጂ

ግልባጭ፦
ለአቶ ኢብሮ ዒምራን (ሀስና ታነብለታለች)
ለልጄ ለወይዘሮ ፍሬሰላም አላምረው፣ ወልድያ